መብራቱን በእጁ የሚመልስ ሰው አለን?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። እኛ ዘንድ መብራት ሲጠፋ የሚወቀሰው ነፋስ ነው፤ ካልሆነም ያረጀ ምሰሶ ወይ ትራንስፎርመር። በኢንተርኔት ገብቶ መስመር የሚቆርጥ ሰው አለ ብዬ ለፈረቃ ጓደኞቼ ብነግራቸው «ደሞ የኛን ምን ሊያደርጉት!» ብለው ሳቁብኝ።

ዩክሬን ላይ ግን ሆኗል። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 23 ቀን 2015 ሰርጎ ገቦች የሦስት የኃይል አከፋፋይ ድርጅቶችን መቆጣጠሪያ ይዘው 225 ሺህ ገደማ ደንበኞችን ጨለማ ውስጥ ከተቱ። የገቡት ከወራት በፊት ነበር፤ ለሠራተኞች በላኩት ኢሜይል ላይ በተያያዘ ፋይል። ቀኑ ሲደርስ ኦፕሬተሮቹ ዓይናቸው እያየ ማውሱ ብቻውን ሄዶ ብሬከር (የመስመሩን ማብሪያና ማጥፊያ) ይቆርጥ ጀመር። ሰው ደውሎ እንዳያመለክት የድርጅቶቹን የደንበኞች ጥሪ መቀበያ ስልክ ሳይቀር በሐሰት ጥሪ አጨናነቁት። መብራቱ በሰዓታት ውስጥ የተመለሰው ሠራተኞች በመኪና ወደየማከፋፈያ ጣቢያው ሄደው፣ ብሬከሩን በእጃቸው ስላስገቡት ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። ማሽኖቻችንን የተከለው የውጭ ድርጅት ከአገሩ ሆኖ እንዲጠግን የርቀት መግቢያ ትቶልን ሄዷል። በሩ ሌት ተቀን ክፍት ነው። ፓስዎርዱ በወረቀት ተጽፎ ፓነሉ ላይ ተለጥፏል። ይቀየር ብዬ አለቃዬን ብጠይቀው «ከነካነው ዋስትናው ይቀራል» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ማሽን ሲቆም የሚጠየቀው እሱ ነው።

ማሽኖቹ ትእዛዝ የሚለዋወጡበት ቋንቋ፣ ሞድባስ የሚባለው፣ የተሠራው በፈረንጆቹ 1979 ነው። ማን አዘዘኝ ብሎ አይጠይቅም፤ «ቁረጥ» ካሉት ይቆርጣል። ያኔ ሽቦው ከፋብሪካው ግቢ አይወጣም ነበርና ችግር አልነበረውም።

«የኛ ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም» የሚሉም አሉ። በፈረንጆቹ 2010 የተደረሰበት ስተክስኔት የተባለ የኮምፒውተር ቫይረስ ናታንዝ ያለውን የኢራን የዩራኒየም ማበልጸጊያ ሲያበላሽ ያም ግቢ ከኢንተርኔት የተለየ ነበር። ቫይረሱ በፍላሽ መሻገር ይችል ነበር። እኛ ቤት ደግሞ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ ላይ የመንዙማ ፍላሽ ተሰክቶ አይቻለሁ። መንዙማ ነፍሴ ነው፣ ቦታው ግን እዚያ አይደለም።

ፋብሪካዎች የርቀቱን በር ጥገና ሲኖር ብቻ ቢከፍቱ ብዙ ወጪ የለውም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሰው ነገር ነው። ጎረቤቴ ጋሼ የማከፋፈያ ጣቢያ ኦፕሬተር ነበሩ። በስልክ ትእዛዝ እየተቀበሉ መስመር በእጃቸው ያስገቡ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የእሳቸው ዓይነት ሰዎች የሚያውቁትን ለወጣቶቹ ሳያሳዩ ሁሉ ነገር በስክሪን ይሁን ማለት አይዋጥልኝም።

ጋዜጣችሁ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ይጠይቅልን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስክሪኑ ቢታወር፣ መስመሩን በእጁ የሚመልስ ባለሙያ በየፈረቃው አለ? የሐረጎን ዳገት ሽቅብ የሚወጣበት መኪናስ ነዳጅ አለው?

ስሜ ይቆይልኝ
ከኮምቦልቻ