የታሪክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የአሜሪካ የጦር መርከቦችና ከኋላቸው ያለው ጋራዥ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ ርዕስ ነው፣ የአሜሪካ ባህር ኃይልና መርከቦቹ። መስከረም መጨረሻ ላይ ድምፅ ስንሰጥ ግማሽ ያህሉ ልጅ የአክሱምን ንግድ ፈልጎ ነበር፣ በ3 ድምፅ ብልጫ መርከቡ አሸነፈ። እውነቱን ለመናገር ልጆቹ በመጀመሪያ የፈለጉት የማን መድፍ ይበልጣል፣ የትኛው የትኛውን ይሰብራል የሚለውን ነው፣ ጌም ላይ የሚያዩት እሱን ስለሆነ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ላሳያቸው ፈልጌ ነበር፣ መርከብ ባህር ላይ የሚዋጋው የብስ ላይ ባለው ጋራዥ፣ በአናጢውና በበያጁ ጉልበት መሆኑን። እና ዓመቱ በዚህ አለቀ ማለት እችላለሁ።

የጀመርነው ኮንስቲቲዩሽን ከምትባል የድሮ የጦር መርከብ ነው። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ ከወጣች በኋላ የመጨረሻዋን የጦር መርከቧን እ.ኤ.አ. በ1785 ሸጣ ባዶ እጇን ቀርታ ነበር፣ ከዛ የሰሜን አፍሪካ የባህር ወንበዴዎች የንግድ መርከቦቿን እየያዙ ሰዎቿን ሲያስሩባት በ1794 ኮንግረሱ ስድስት ፍሪጌት፣ ማለትም ፈጣን ባለ ሸራ የጦር መርከብ፣ እንዲሰራ ፈቀደ፣ ኮንስቲቲዩሽን አንዷ ናት፣ በ1797 ቦስተን ላይ ውሃ ገባች። በ1812ቱ ጦርነት ጌሪየር ከምትባል የእንግሊዝ መርከብ ጋር ስትታኮስ የመድፍ ጥይቱ ጎኗን እየመታ ይመለስ ስለነበር ባለ ብረት ጎን የሚል ቅጽል ወጣላት፣ ብረት ግን አይደለም፣ ከጆርጂያ ጠረፍ የመጣ በጣም ከባድ የኦክ እንጨት ነው። ልጆቹን ያስገረማቸው ግን ውጊያው ሳይሆን ሌላ ነገር ሆነ፣ መርከቧ ዛሬም ቦስተን ውሃ ላይ አለች፣ ባህር ኃይሉ ደግሞ ለእሷ እድሳት የሚሆን የኦክ ደን ኢንዲያና ውስጥ ክሬን የሚባል ቦታ ለይቶ ያስቀምጣል። አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ለአንድ መርከብ ጫካ?" አለችኝ፣ አዎ ለአንድ መርከብ ጫካ፣ ኦክ ለመርከብ እስኪደርስ መቶ ዓመት ገደማ ይፈልጋላ።

ኅዳር ላይ የሞኒተርን ሞዴል ሰራን፣ ይሄ የዓመቱ ምርጥ ሥራ ነው በኔ እይታ። ሞኒተር የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ እርስ በእርስ ሲዋጉ ለሰሜኑ ትውልደ ስዊድን የሆነው ጆን ኤሪክሰን የነደፋት ባለ ብረት መርከብ ናት፣ ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1861 ተጀምራ ጥር 1862 መጨረሻ ላይ ውሃ ገባች፣ መቶ ቀን እንኳን አልሞላም። ከውሃው በላይ የሚታየው ነገሯ ትንሽ ነው፣ ጠፍጣፋ ወለልና መሀሉ ላይ የሚሽከረከር ክብ የብረት ማማ፣ ማማው ውስጥ ሁለት መድፍ። ልጆቹ ወለሉን ከአሮጌ የቆርቆሮ በር ቆርጠው፣ ማማውን ከኒዶ ጣሳ ሰርተው ምስማር ላይ አዞሩት፣ ከዛ ላብራቶሪ ውስጥ ትልቅ ሳፋ ሙሉ ውሃ አቅርበን ስናስቀምጣት ሰጠመች። ከስር ፎም ለጠፍንባት፣ ተንሳፈፈች፣ ግን ወለሉ ከውሃው ጋር እኩል ሆነ፣ እውነተኛዋም እኮ ወለሏ ከውሃው ትንሽ ብቻ ነበር ከፍ የሚለው! ጣሳውን በጣት ስታዞረው መርከቧ ሳትዞር መድፉ ብቻ ይዞራል፣ ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባቸው፣ ከዛ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ መርከቦች መድፋቸውን ለማነጣጠር መላ አካላቸውን ማዞር ነበረባቸው። መጋቢት 9 ቀን 1862 ሃምፕተን ሮድስ በሚባል የባህር ዳርቻ ላይ ቨርጂኒያ ከምትባል የደቡቦቹ መርከብ ጋር አራት ሰዓት ያህል ተደባደቡ፣ ማንም ማንንም አላሰጠመም። ቨርጂኒያ ራሷ ደግሞ ተቃጥላ ከሰጠመች በኋላ ከውሃ ወጥታ ብረት የለበሰች የድሮ መርከብ ናት፣ ይሄም ያው የጋራዥ ሥራ ነው።

በዛው ዓመት የሆነውን የሮበርት ስሞልስን ታሪክ የአስራ አንደኛ ክፍሏ የክበቡ ጸሐፊ ናት ያቀረበችው፣ አዳራሹ ጭጭ ብሎ ነው የሰማት። ባሪያ ሆኖ የተወለደ የ23 ዓመት ወጣት፣ ፕላንተር የምትባል የደቡቦቹን የጦር ማመላለሻ መርከብ ቻርልስተን ወደብ ላይ የሚነዳ። ግንቦት 13 ሌሊት ነጮቹ አዛዦች ለማደር ወደ ከተማ ሲወጡ መርከቧን አስነሳ፣ ቤተሰቡንና የጓደኞቹን ቤተሰብ ጫነ፣ የካፒቴኑን የሳር ባርኔጣ አድርጎ ምሽጎቹን አንድ በአንድ እያለፈ ትክክለኛውን የፉጨት ምልክት ሰጠ፣ ከዛ ነጭ አንሶላ ሰቅሎ መርከቧን ለሰሜኑ ባህር ኃይል አስረከበ። በኋላ የኮንግረስ አባል ሆነ፣ በ2023 ደግሞ ክሩዘር የሚባል ዓይነት አንድ ትልቅ የጦር መርከብ በስሙ ተሰይሟል። ልጅቷ ስትጨርስ የጠየቀችው ጥያቄ ትዝ ይለኛል፣ ከመድፉና ወደቡን ከሚያውቀው ሰው የቱ ይበልጣል አለች።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በፍጥነት ሄደ። የፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን ነጭ የተቀቡ መርከቦች አየን፣ 16 የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1909 ዓለምን ዞረው ሲመለሱ በቀይ ባህርና በስዊዝ በኩል አልፈዋል፣ ያን ሁሉ ኃይል ለማሳየት የወጡ መርከቦች ግን ከሰላቸውን በአብዛኛው የሚያመላልሱላቸው የውጭ አገር መርከቦች ነበሩ፣ ከሰል ካላገኙ ይቆማሉ። ጃፓን በድንገት የደበደበችውን የአሜሪካ ባህር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ብዙዎቹ ከፊልም ስለሚያውቁት ብዙም አልቆየንበትም።

አሜሪካና ጃፓን ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የተዋጉባት ደሴት፣ ሚድዌይ ላይ ግን ቆየን። በእለቱ መብራት ጠፍቶ ፕሮጀክተሩ አልሰራ ስላለ አንዱ ልጅ ካርታውን በጠመኔ ሳለው፣ የተሻለ ሆነ። ዮርክታውን የምትባለው አውሮፕላን ጫኝ መርከብ ኮራል ባህር ላይ ቦምብ ተመታ ቆስላ እ.ኤ.አ. ግንቦት 27 ቀን 1942 ፐርል ሃርበር ገባች፣ ጥገናው 90 ቀን ይፈጃል ተባለ፣ የፓስፊክ መርከቦች አዛዥ አድሚራል ኒሚትዝ በ3 ቀን አድርሱልኝ አለ። 1,400 ገደማ ሠራተኛ ቀንና ሌሊት ገባባት፣ ብየዳ፣ ድጋፍ፣ መለጠፍ፣ ግንቦት 30 ወጣች። ጃፓኖች ሰጥማለች ብለው ያሰቡዋት መርከብ ሰኔ 4 ሚድዌይ ላይ ደረሰች፣ ሶሪዩ የተባለችውን የጃፓን አውሮፕላን ጫኝ የመቱት ከእሷ የተነሱ አውሮፕላኖች ናቸው፣ በዛ ውጊያ ጃፓን አራት አውሮፕላን ጫኝ አጣች። ዮርክታውንም ራሷ አልተመለሰችም፣ ሰኔ 7 ሰጠመች። ይሄን ስናወራ አባቱ በያጅ የሆነ አንድ ዝምተኛ ልጅ ተነስቶ ለምን ውፍረቱ የተለያየ ብረት በችኮላ መበየድ እንደሚያስቸግር ለሁላችንም አስረዳን፣ እኔም የማላውቀውን ነው ያወቅኩት፣ በጣም ነው የኮራሁበት።

በኒሚትዝ ስም የሚጠሩትን የአሁኖቹን ኒሚትዝ ክላስ አውሮፕላን ጫኝ መርከቦች ርዝመት በገመድ ለክተን ለማየት ሞከርን፣ 333 ሜትር። ከጓሮ አጥር ጀምረን ሜዳውን አልፈን፣ በሩን ወጥተን ገመዱ ያለቀው ባጃጅ ተራው ጋ ነው።

ግንቦት ላይ ወደ ራሳችን መጣን። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ያገኙት ቤተ መንግሥት ውስጥ አይደለም፣ ግብጽ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ መልህቋን ጥላ በቆመች ኩዊንሲ በምትባል ክሩዘር ላይ ነው፣ ካነሷቸው ጉዳዮች አንዱም የባህር በር ነበር። ከዛ እ.ኤ.አ. በ1962 ኦርካ የምትባል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊሊፒንስ ላይ ያገለገለች የአሜሪካ መርከብ ለኛ ተሰጠች፣ ስሟም "ኢትዮጵያ" ተባለ፣ 95 ሜትር ገደማ፣ ምጽዋ ላይ የባህር ኃይላችን ዋና መርከብ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሸሸች፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለብረታ ብረት ተሸጠች።

የአንዷ ተማሪያችን አያት በወጣትነታቸው እዛች መርከብ ላይ ነበሩና ለምነናቸው መጡ። ልጆቹ አባባ ስንት መድፍ ነበራት፣ ተኩሰው ያውቃሉ ወይ እያሉ ከበቧቸው፣ እሳቸው ግን ቁጭ ብለው ስለ ዝገት ነው ያወሩት። ጠዋት ተነስቶ ዝገት መፋቅ፣ አንቲረስት መቀባት፣ ግራጫ ቀለም መደረብ፣ ከፊት ጀምረው ኋላ ሲደርሱ ፊቱ እንደገና ዝጎ ይጠብቃቸዋል፣ ጨው እኮ ነው። እጃቸውን ዘርግተው ጣቶቻቸው ላይ የፍቂያ ጠባሳ አሳዩን። ስለ መርከቧ መሸጥ አንዱ ሲጠይቃቸው ትንሽ ዝም አሉና ሞኒተርን አምጡልኝ አሉ፣ ጣሳውን አዞሩ፣ ከስር ገልብጠው አዩና ምስማሩ ዙሪያ ያለውን ቡኒ ነገር በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉ።

ሰኔ ላይ የክበቡን ዕቃ ላስረክብ ላብራቶሪ ስገባ ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ፈተና ጨርሰው ወደ ቤት መሄድ ይችሉ ነበር። አንዱ ጣሳውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈቃል፣ ሌላዋ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም ግራጫ ቀለም በብሩሽ ታማስላለች። ቁልፉን ትቼላቸው ወጣሁ።