እማዬ፣ ፊዚዮቴራፒውን አታቋርጪ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እዚህ ሜሪላንድ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን እህቴ ቀስ ብላ ታነብልሻለች። በስልክ ስነግርሽ «እሺ ልጄ» ብለሽ ወሬ ትቀይሪብኛለሽ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

እጅና እግርሽን የሚያለማምድሽን ፊዚዮቴራፒስት «ከእንግዲህ አትምጣ» አልሽው አሉኝ። «በእግሬ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? የልጄን ገንዘብ ለምን እጨርሳለሁ?» ብለሻል። እማዬ፣ ደጀ ሰላም መድረስሽን ስሰማ በደስታ አልቅሻለሁ። ግን ቀኝ እጅሽ ገና ነው። ስትሮክ ሲመታሽ ሆስፒታል ሕይወትሽን አተረፈልን። እጅሽ የሚመለሰው አሁን ቤት ውስጥ በምትሠሪው ነው።

ስትሮኩ የመታው እጅሽን ሳይሆን አንጎልሽን ነው። እጅሽን ያዝዝ የነበረው ቦታ ደም አጥቶ ተጎዳ። ደህና የቀረው ክፍል ያንን ሥራ መልመድ አለበት፤ የሚለምደውም አንድን ነገር ደጋግመሽ ስትሠሪ ነው። ትልቁ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ እስከ 6 ወርም ጥሩ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። አንቺ አሁን ያለሽው በደህናው ጊዜ ውስጥ ነው። እዚህ ከምንከባከባቸው አዛውንቶች መካከል ልምምዱን የተዉትን አይቻለሁ። እጃቸው ይጨበጣል፣ ጅማቱ ያጥራል፣ ጥፍራቸውን ለመቁረጥ ጣታቸውን መዘርጋት እንኳ ያሳምማቸዋል።

አሁን ደግሞ የሚከብደኝን ልናገር። ሁሉም ያጎርሱሻል። እህቴም፣ ጎረቤቱም፣ የማኅበር ጓደኞችሽም። ፍቅራቸው ነው፣ ይገባኛል፤ እኛ ቤት የታመመ ሰው ዝም ተብሎ አይታይም። ግን እጅሽ ሥራ ከፈታ አንጎልሽ ይረሳዋል። ስለዚህ በቀኝ እጅሽ ቁረሺ። ወጡ ይፍሰስ፣ ነጠላሽ ይበላሽ፣ ይታጠባል። አንዷን ጉርሻ እስክትጎርሺ ሌላው በልቶ ቢጨርስም ማንም አይቸኩልብሽ። ሲደክምሽ ያኔ ያጉርሱሽ።

ልምምድ ማለት ኳስ መጭመቅ ብቻ አይደለም። ምስር ልቀሚ። ባቄላ ፈልፍይ። ጥጥ ባዝቺ። በፈትል ማን ይደርስብሽ ነበር? እንዝርቱን ማሾር ለጊዜው ባይሆንልሽ ያዢው፣ አስቀምጪው፣ መልሰሽ አንሺው። ጣቶችሽ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት ሥራ ስለሆነ አንቺም አትሰለቺውም። ባለሙያው ሲመጣ አሳዪው፤ የትኛው እንደሚጠቅምሽ እሱ ይለይልሻል።

እህቴ፣ ይህችን ደግሞ ለራስሽ አንብቢያት። ስታስነሻት ቀኝ እጇን ይዘሽ አትጎትቺ፣ በብብቷም አታንሻት። ጡንቻው የላላ ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ሕመሙም ልምምዱን ያስተዋታል። በወገቧ በኩል ደግፊያት።

እማዬ፣ ጸበሉን ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሳያምም ነው የሚጎዳው፤ «ደህና ነኝ» ብለሽ መድኃኒቱን እንዳትተዪ። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከ130/80 በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ አንቺ ስንት መሆን እንዳለበት ጠይቂያቸው። እዚህ አሜሪካ በስትሮክ ከሚያዙ 4 ሰዎች አንዱ ከዚያ በፊትም የያዘው ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ሆድ ሲብስሽም አትደብቂ። ከስትሮክ በኋላ ብዙ ሰው ላይ ይመጣል፣ ሕክምናም አለው፤ ለሐኪሙ ይነገር።

ገንዘቡን ልኬያለሁ። የፊዚዮቴራፒ ነው፤ ለዕቁብም ለሰው ተዝካርም እንዳታውዪው። ለእኔ የከበደኝ ነገር የለም። ይልቅ አንቺ ስትተዪው ነው የሚከብደኝ።

እህቴ ዛሬውኑ ለባለሙያው ትደውልና ሰኞ ይምጣ። ሲያሠራሽም በቪዲዮ ቅረጹልኝ፣ ጣቶችሽ ምን ያህል እንደሚከፈቱ ማየት እፈልጋለሁ።

ጉልበትሽን እስማለሁ፤
ልጅሽ