ለልጄ፣ 15 ዓመት ለሞላሽ

የኔ እናት፣

እንኳን ተወለድሽ፣ እድግ በይልኝ። እኔ ከሌሊት ሥራ ስመለስ አንቺ ትምህርት ቤት ስለምትሆኚ፣ እስከ ማታ ስለማንገናኝ ይህን ጻፍኩልሽ።

እዪልኝ ብለሽ የላክሽልኝን የኮሌጅ ማመልከቻ ጽሑፍ በእረፍት ሰዓቴ ደጋግሜ አነበብኩት። እንግሊዝኛሽ ከኔ ስለሚበልጥ ቃላቱን አልነካም። ያልወደድኩት አጀማመርሽን ነው። «የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ዕድሜዬ 15 ነው» ትያለሽ፤ ከዚያም እስከ መጨረሻው ያንኑ ነው የምታወሪው። ከክፍሉ ትንሿ መሆንሽን፣ ሁለት ጊዜ ደብል መምታትሽን፣ የሰማ ሰው ሁሉ መገረሙን። የተፈቀደልሽ 650 ቃል ነው፤ ሁሉንም ለልደት ቀንሽ ሰጠሽው።

ልጄ፣ ማመልከቻው ላይ የልደት ቀን የሚሞላበት ሣጥን አለ። ዕድሜሽ እዚያ ይግባ፣ ከዚያ አይውጣ።

ኮሌጆቹ ልጅ አይወዱም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ፋይልሽን የሚያነበው ሰው ከ17 እና ከ18 ዓመት ልጆች ፋይል ጋር ደርቦ ነው የሚያነበው። እንደ ሃርቫርድና እንደ ስታንፎርድ ከመቶ አመልካች አምስት እንኳ በማይቀበል ቦታ «ለዕድሜዋ ጎበዝ ናት» ብሎ የሚያሳልፍሽ የለም። እነሱ የሚጠይቁት ይህች ልጅ ምን ትሠራለች፣ ከተማሪዎቻችን ጋር ብትኖር ምን ታመጣለች፣ ሲከብዳትስ ምን ታደርጋለች ብለው ነው። ትንሽ መሆንሽ ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ያከብደዋል እንጂ አይመልስልሽም።

አያትሽ ስለ አጎትሽ የምትለውን ስንቴ ሰምተሻል፤ በ14 ዓመቱ ማትሪክ አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የቀረውን አትነግርሽም። እኔ ያኔ ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ «አንተ፣ ስንት ዓመትህ ነው?» ይለዋል፤ መልሱን ሲሰማ ያማትባል። እሱም ለመደው። ጥያቄው እስኪመጣለት ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲጠብቅ ትዝ ይለኛል። ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ዓመት እንደዚያው ነበር፤ ዶርም ውስጥ ማሙሽ ይሉታል፣ አስተማሪዎቹም በስሙ ይጠሩታል። ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ 17 ሞላው። አዲስ የሚገቡት ልጆች እኩዮቹ ሆኑ። አልወደቀም፣ አልታመመም፣ ነጥቡም ጥሩ ነበር፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ጠፋ። ለክረምት ሲመጣ ጥግ ይዞ ዝም ማለት አመጣ። እናታችን ዓይን በልቶታል ብላ ጠበል ወሰደችው።

ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው የነገረኝ። «በየዓመቱ አንድ ነገር የሚቀነስብኝ ይመስለኝ ነበር» አለኝ። እሱ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ወንዝ ሲለካ የኖረ ሰው ነው። አዋሽ በክረምት ምን ያህል እንደሚሞላ፣ ድልድይ የት መሠራት እንደሌለበት ብትጠይቂው ሌሊቱን ሙሉ ያወራሻል። አያትሽ ግን ፀጉሩ ሸብቶም «በ14 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጄ» እያለች ነው ለሰው የምታስተዋውቀው። ሠርጉ ላይ እንኳ እንደዚያ ስትል አንገቱን ሲደፋ አይቻለሁ። አንቺ ደብል ስትመቺ ለማኅበር ሰዎች ያልነገርኩት ይህን ስላየሁ ነው። አፍራብኛለች ብለሽ እንደነበር አክስትሽ ነግራኛለች። አላፈርኩብሽም። ለብቻዬ ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት፣ ከደስታዬ ብዛት።

የምትወጂው የሒሳብ ሊቅ ቴሬንስ ታኦ በ8 ዓመቱ፣ ኤስ ኤ ቲ በሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ በሒሳብ 760 አግኝቷል፤ እውነት ነው። በ2006 ትልቁን የሒሳብ ሽልማት፣ የፊልድስ ሜዳሊያን የተሸለመው ግን የ31 ዓመት ሰው ሆኖ፣ በሠራው ሥራ ነው። አንቺም በሚመጣው ዓመት 16፣ ከዚያ 17 ትሆኛለሽ። ያን ጊዜ ይህ ጽሑፍ ስለ ማን ይሆናል?

እኔን ካልሽ ስለ አውቶቡሱ ደብተር ጻፊ። የምመለስበት አውቶቡስ ሲያረፍድ ጊዜ ማንም ሳያዝሽ መስኮት ላይ ቆመሽ ሰዓቱን መመዝገብ ጀመርሽ። እኔ ዝናቡ ነው ስል፣ አንቺ ሾፌሮች በሚቀያየሩበት ሰዓት እንደሆነ አገኘሽ። ሰንጠረዥ ሠርተሽ ለአውቶቡስ ድርጅቱ ላክሽላቸው፤ ዝም ሲሉሽ እንደገና ላክሽ። ደብተሩ ከአልጋሽ ሥር፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው፤ ሳጸዳ አይቼዋለሁ፣ አልጣልኩትም። ያንን የሠራችውን ልጅ ለኮሌጆቹ አሳዪያቸው። ዕድሜዋን ሣጥኑ ይንገራቸው።

ሁለት ክፍል መዝለልሽ መብራራት ካለበት የትምህርት ቤቱ አማካሪ በደብዳቤዋ ትጻፈው። እሷ ስትለው መረጃ ይሆናል፣ አንቺ ስትደጋግሚው ግን ልመና ይመስላል። ለድጋፍ ደብዳቤ የምትጠይቂያቸው ሁለት አስተማሪዎች 11ኛ ክፍል ያስተማሩሽ ይሁኑ፤ አንደኛው ስትሳሳቺ ያየሽ፣ ተመልሰሽ ስታስተካክዪም ያየሽ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከክፍል ውጭ የሠራሽውን የምትሞዪበት የተሳትፎ ዝርዝር አሥር ቦታ አለው፣ ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ፊደል ብቻ። አሥሩን ካልሞላሁ ብለሽ አትጨነቂ። ጓደኞችሽ ካንቺ ሁለት ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ያልኖርሽውን አትፍጠሪ።

ኧርሊ ዲሲዥን ስለምትዪው፣ ለአንድ ኮሌጅ ቀድሞ ስለማመልከቱ ነገር፣ ቀኑ ኖቬምበር 1 ከመድረሱ በፊት እንነጋገር። ከተቀበሉሽ መሄድ ግዴታ ነው፣ ሌሎቹን ማመልከቻዎችም ታነሺያለሽ። ወላጅም አማካሪም ይፈርሙበታል። በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የወጪ ማስያ አብረን ሞልተን የምንከፍለውን ሳላይ እኔ አልፈርምም። ተቆጪ ካሰኘሽ፣ አልፈርምም። የኔና የአባትሽ የታክስ ወረቀት ሰማያዊው ፋይል ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። ፌርፓ የሚባል በ1974 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ፤ ኮሌጅ የገባ ተማሪ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ በትምህርት መዝገቡ ላይ ያለው መብት ከወላጅ ወደ ራሱ ይዛወራል ይላል። ብትታመሚ ለሕክምናሽ ፈራሚ እኔ ነኝ፣ የዶርም ውልሽ ላይም አብሬሽ እፈርማለሁ፤ ውጤትሽ ቢበላሽ ግን ኮሌጁ እኔን ለመጥራት አይገደድም። ስለዚህ አንቺው ንገሪኝ። እንደ አጎትሽ ጥግ ይዘሽ ዝም እንዳትዪብኝ። በሌሊትም ደውዪ፣ ሥራ ላይም ብሆን አነሳለሁ።

ከተቀበሉሽ በኋላ አንድ ዓመት ቆይቶ መግባትን መጠየቅ ይቻላል፤ ሃርቫርድ ራሱ የተቀበላቸውን ተማሪዎች ቆዩ እያለ ያበረታታል። አባትሽ ጊዜ ማባከን ነው ይላል። እኔ 17 ሞልቶሽ ብትሄጂ እወዳለሁ፤ አንድ ዓመት አብረሽኝ እንድትቆዪ ስለምፈልግም ነው፣ አልዋሽሽም። ውሳኔው ግን ካንቺ ጋር እንጂ ያላንቺ አይሆንም፣ አሁንም አይደለም።

ቃለ መጠይቅ የሚያደርግልሽ ሰው ዕድሜሽን ቢያነሳ በአንድ ቃል መልሺና ወደ ሥራሽ ተመለሺ። ቢገረምም ፈገግ በዪና እለፊው።

የሒሳብ አስተማሪሽን ሐሙስ ሳያልፍ ጠይቂው፤ ለሌሎች ልጆችም ስለሚጽፍ ይጣበብበታል። አዲሱን ጽሑፍ ስትጨርሺ አትሚና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ፣ በስልክ ማንበብ ዓይኔን ያመኛል። ቅዳሜ እረፍት ነኝ።

እናትሽ