የበረሃ አቧራና የሳተላይት ካርታ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቻድ አቧራ ከሳተላይት ካርታ ጋር ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ፣ ሳተላይት ሁሉን እንደሚያይ መገለጹ እርማት ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2002 የመጠቁት ቴራና አኳ የተባሉት ሳተላይቶች የተሸከሙት ሞዲስ የተባለው መሣሪያ ብናኙን የሚገምተው ተንጸባርቆ ከሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን በመሆኑ፣ የጥንት ሐይቅ ደለል ባነጣው በቻድ የቦዴሌ ረባዳ ምድር ላይ አቧራውን ከመሬቱ መለየት ይቸግረዋል። ተመራማሪዎች በረሃው ጠቆር ብሎ በሚታይበት ሰማያዊ የብርሃን ሞገድ መጠቀማቸው፣ በእኔ እምነት፣ እጅግ የሚደነቅ ብልሃት ነው። ይሁንና ውጤቱ ከምድር እስከ ከባቢ አየር ጫፍ ያለውን የብናኝ ድምር እንጂ ሰው የሚተነፍሰውን አየር ለይቶ አያሳይም፤ ደመና ሲሸፍነውም ልኬቱ ይቋረጣል።

ከአራት ኪሎ ሆነን እንጦጦን የሚጋርደውን የበጋ ጭጋግ ለምናይ ነዋሪዎችም ጉዳዩ ቅርብ ነውና፣ እንዲህ ያለ ካርታ ስታትሙ ቁጥሩ በምድር ጣቢያ ልኬት መመሳከር አለመመሳከሩን እንድትገልጹልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ