ግማሹ ሥልጠና ከአዳራሽ ውጭ ነው

ውድ አባላት፣

በሚቀጥለው የከተማ ፕላን ሥልጠናችን ምቹ ጫማ አድርጋችሁ ኑ። ግማሹን ጊዜ ሜዳ ላይ ነው የምናሳልፈው። አስበንበት ነው የወሰንነው። ቢሮ ተቀምጦ ብቻ የተሠራ ፕላን መሬቱንም ሰዉንም አያውቅም። ስኮትላንዳዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ፓትሪክ ጌዲስ ከመቶ ዓመት በፊት ያስተማረው ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ጥናት፣ ከዚያ ፕላን።

ባለ 1፡2000 ካርታ ይዘን እንወጣለን። ካርታው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 20 ሜትር ነው። ከዚያ 400 ሜትር በእግር እንሄዳለን። ለጤነኛ ጎልማሳ 5 ደቂቃ ገደማ ነው። ያንኑ መንገድ የሕፃን ጋሪ እየገፋችሁ ትደግሙታላችሁ። ያኔ የእግረኛ መንገድ ስፋት ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ብቻ አይሆንባችሁም።

ብዙውን ሰዓት የምንሰጠው ለጎርፍ ነው። ጀማሪ ሳለሁ ካርታው ላይ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳዩትን የኮንቱር መስመሮች በደንብ ሳላነብ የውሃ መውረጃን ለመኖሪያ ቤት ከልዬ ነበር። ስናየው ደረቅ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ከላይ ያለው ውሃ ሁሉ የሚወርደው በዚያ ነው። ያረሙኝ ስብሰባ ላይ እጃቸውን ያወጡ አንዲት እናት ናቸው። እስካሁን አመሰግናቸዋለሁ። ነዋሪን ማወያየት የምናስተምረው ለዚህ ነው፤ ፕላኑ ካለቀ በኋላ ሳይሆን እርሳሱ ገና ሳይነሳ።

የጂአይኤስ፣ ማለትም በኮምፒውተር ካርታ የመሥራትና የመተንተን፣ ልምምድም አለ፤ አጭር ነው።

የግንባታ ፈቃድ የምትሰጡ፣ በተለይ እናንተ አትቅሩ። ፕላን ከወረቀት ወደ መሬት የሚወርደው በእናንተ እጅ ነው። ሁላችሁም የሠራችሁትን አንድ ፕላን ይዛችሁ ኑ፤ ያስቸገራችሁ ቢሆን ይመረጣል። የምትመጡ እስከ ሐሙስ አሳውቁን።