ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሰኞ ጠዋት አንድ ደንበኛዬ ያለፈውን ቅዳሜ ጋዜጣችሁን አራት ቦታ አጥፎ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ መኪናዬን ልሸጠው ነው» አለኝ። ምን ሆነ ብለው የመኪና ዓምዳችሁን ዘርግቶ አሳየኝ። ያገለገለ መኪና ለሚገዙ የተጻፈ ምክር ነው። ስለ ሊብሬው፣ ስለ ጎማው፣ ተጋጭቶ የተቀባን አካል ስለ መለየት የተባለው ደግ ነው። ዘይቱ ላይ ስደርስ ግን መነጽሬን አውልቄ ወልውዬ እንደገና አነበብኩት። «ዘይት የሚያጎድል ሞተር ያለቀለት ነው፤ ሪንጉ ጨርሷልና አትግዙት» ይላል። ሪንግ ማለት ሲሊንደር ውስጥ ወጥቶ የሚወርደውን ፒስተን የከበበ፣ ዘይት የሚጠርግ የብረት ቀለበት ነው። በአንድ መስመር ፍርድ ተሰጥቶ አለቀ።

ቂርቆስ ውስጥ አነስተኛ ጋራዥ አለኝ። ሥራውን በላዳ ታክሲ ከጀመርኩ 31 ዓመት ሆነኝ። ለላዳ ቢሆን ምክራችሁን ያለ ክርክር እቀበለው ነበር። ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ ግን ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ ከኤምባሲ ሠራተኞች የተገዙ ወይም ከውጭ የተመለሱ ሰዎች ይዘዋቸው የገቡ ጉልበተኛ መኪናዎች ናቸው። ለእነዚህ ያ አንድ መስመር ጉዳት አለው። አንባቢያችሁ ጋዜጣውን አጥፎ በቀጥታ የሚሄደው ሞተር ለማውረድ ወደማይሰንፍ ጋራዥ ነው።

አምና ከፋሲካ ቀደም ብሎ አንድ ወጣት ጥቁር የጀርመን ሥሪት መኪና ይዞ መጣ፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ቱርቦ። ቱርቦ አየር እያመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ነው። የፋብሪካውን ስም መጥራት አያስፈልግም። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ከአንድ ሊትር በላይ ዘይት ይጨምራል። ቀድሞ የሄደበት ጋራዥ ሪንግ ነው፣ ሞተሩ ይውረድ ብሎታል። እስከዚያው «እንዲይዝልህ» ተብሎ 20 ደብሊው 50 የሚባል ወፍራም ዘይት ተሞልቶለታል። ልጁ ለቅሶ የደረሰ ይመስላል።

ኮፋኖውን ከፍቼ ሞተሩን አስነሣሁት። ጆሮዬን ሳስጠጋ ከሞተሩ አናት ላይ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ልጅ በቅጠል እንደሚያፏጨው ያለ። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቼ ላነሣ ብል እምቢ አለኝ፤ ከውስጥ ሰው የያዘው ይመስላል። ታግዬ ሳላቅቀው ፉጨቱ ቆመ፣ ሞተሩም ተንገጫግጮ ሊጠፋ ደረሰ። ልጁን መዳፍህን ቀዳዳው ላይ አድርግ አልኩት። ስቦ ያዘው። ደንግጦ እጁን መነጨቀ።

ከፒስተኑ ወደ ታች የሚያመልጠው ጋዝ መውጫ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሞተሩ ራሱ መልሶ እንዲስበውና እንዲያቃጥለው ይደረጋል። የሚስበውን መጠን የምትቆጣጠረው ስስ የጎማ ሽፋን ያላት ትንሽ ቫልቭ ናት። ጎማዋ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ስትቀደድ ሞተሩ ያለ ልክ ይስባል፤ ከጋዙ ጋር የዘይቱንም ጉም ይዞ ይሄዳል። ሪንጉ ምንም ሳይሆን ዘይቱ ያልቃል። ጎማዋን ለወጥን፣ ወፍራሙን ዘይት አፍስሰን መመሪያው ያዘዘውን ሞላን፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፌ በሩ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩለት። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ሲመለስ የጨመርነው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነበር።

«አሁንም ይጠጣል እኮ» አለኝ ቅር ብሎት። አዎ፣ ይጠጣል። እሱ ድርሻው ነው።

ዘይት የማያቃጥል ሞተር የለም። የሲሊንደር ግድግዳ እንደ መስታወት ልስልስ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ፋብሪካው ግን ሆን ብሎ በድንጋይ እየፈተገ እርስ በርስ የተሻገሩ ስስ ጭረቶች ያወጣበታል። ዘይቱ እነዚያ ጭረቶች ውስጥ ያድራል፣ ሪንጉ በእሱ ላይ ይንሸራተታል፣ ቤንዚኑ ሲነድ ከዚያ ዘይት ጥቂቱ አብሮ ይቃጠላል። ቀስ ብሎ በሚሄድ የቤት መኪና ላይ ይህ ከቁጥር አይገባም። በደቂቃ 8,000 ዙር የሚደርስ ሞተር ግን ፒስተኑ በሰከንድ 133 ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል። ሪንጉ ግጭት እንዲቀንስ ተብሎ ላላ ተደርጎ የተሠራ ከሆነ ደግሞ በዚያ ፍጥነት ዘይቱን ሁሉ ጠርጎ አይጨርስም። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከረውም በዘይት ላይ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦው ያንን ለማካካስ የበለጠ መሽከርከር አለበት። ፍራንክፈርት ላይ ያልደከመ ቱርቦ እዚህ ይደክማል።

ፋብሪካዎቹም ይህንን አይደብቁም። የቆዩት የፖርሽ 911 ሞዴሎች መመሪያ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1.5 ሊትር ይፈቅዳል። የኦዲ እስከ ግማሽ ሊትር ይላል። በፒስተን ፋንታ የሚሽከረከር ሮተር ያለው የማዝዳ ሞተርማ፣ የአርኤክስ 7ና የአርኤክስ 8 ማለቴ ነው፣ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚልክ ፓምፕ ተገጥሞለት ነው የሚወለደው። በእናንተ ምክር ከሄድን ከፋብሪካው በር ሲወጣ ያለቀለት ነው።

ይህን ስል ፋብሪካ ያለው ሁሉ እውነት ነው ማለቴ አይደለም። «በልኩ ነው» የምትለዋ ቃል ባለ ዕዳ የሚሸሸግባት ጊዜም አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2009 እስከ 2011 ሞዴል የሆነው የኦዲ ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ሞተር ላይ ዘይት ጠራጊው ሪንግ እየተደፈነ ዘይት ይጨርስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ባለ ንብረቶች ክስ መሥርተው ጉዳዩ በስምምነት ነው ያለቀው፤ ፒስተንና ሪንጉ የተለወጠላቸውም አሉ። ስለዚህ ሪንግ አይበላሽም አላልኩም። ሳይለካ አይፈረድ ነው ያልኩት።

ጭሱም ይናገራል፣ ለሚያዳምጠው። ጠዋት ሲነሣ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ከሰጠና ከጠፋ የቫልቭ ጎማ ነው፣ ቅድም ያልኳት ሳትሆን ዘይት በቫልቮቹ ዘንግ እንዳይወርድ የሚያግደው፤ እንደ ፖርሽና እንደ ሱባሩ ሲሊንደሩ የተኛ ሞተር ከሆነ ግን ያደረበት ዘይት ነውና ብዙ አያስጨንቅም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ ሞተሩ አየር ተነፍጎት ዘይት ከየቀዳዳው ይስባል፤ ድልድዩ ጋ ደርሳችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ከኋላ ሰማያዊ ደመና ቢወጣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ያንኑ የቫልቭ ጎማ ነው። ዳገቱን ወደ ደጀን ስትወጡ ያለማቋረጥ ካጨሰ፣ ያኔ ስለ ሪንግና ስለ ቱርቦ እንነጋገራለን።

እኔም ከዚህ ጥፋት ንጹሕ አይደለሁም። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት አንድ የስፖርት መኪና ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ይንኳኳል፣ ዘይትም ያጎድላል ተብሎ መጣልኝ። ፒስተን ልቅ ሆኗል ብዬ ሞተሩን አወረድኩ። ስከፍተው የፋብሪካው ጭረት ሲሊንደሩ ላይ እንዳለ ነው፣ ክፍተቱም ከልኩ አልወጣም። ፒስተኑ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለው ሲሞቅ ይበልጥ ስለሚያብጥ ሲቀዘቅዝ ላላ ብሎ እንዲገባ ይደረጋል፤ ማንኳኳቱ ተፈጥሮው ነው። ለባለቤቱ እውነቱን ነግሬ የእጅ ሥራዬን አልተቀበልኩም፤ የሞተሩን መጋጠሚያ የሚያሽገውን የጓርኒሲዮኑን ዋጋ ግን ከፍሏል። እስካሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ስለ ወፍራም ዘይትም አንድ ነገር። የቢኤምደብሊው ኤም 3 ባለ 8,000 ዙሩ ሞተር ፋብሪካው ራሱ 10 ደብሊው 60 ያዘዘለት ነው፤ ስለዚህ ወፍራም ሁሉ ስሕተት አይደለም። ቀጭኑ 5 ደብሊው 30 ለታዘዘለት ቱርቦ ሞተር 20 ደብሊው 50 መሙላት ግን በኅዳር ጠዋት ብርድ ቱርቦውን ዘይት ማስጠበቅ ነው። ዘይቱ አልጎደለም ብሎ ሻጭ ሲምልላችሁም የመለኪያውን ዘንግ አሽትቱት። ቢሮና ቤት ብቻ የሚመላለስ መኪና ሳይሞቅ እየጠፋ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይቀላቀልና መጠኑ የሞላ ይመስላል። ቤንዚን ከሸተታችሁ ያ «የማይጠጣ» ሞተር ከሚጠጣው የባሰ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉን የነዳጅ መኪናዎች እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ዓምዱ ያንን መስመር ቢያርመው እወዳለሁ። ገዢው ሻጩን «ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ስንት ትጨምራለህ?» ብሎ ይጠይቅ። በቁጥር የሚመልስ ሻጭ ኮፋኖውን የሚከፍት ሰው ነው፤ ከእሱ ልግዛ ብባል እኔ እገዛለሁ። «ኧረ ጠብታ አይነካም» ከሚለው ይልቅ።

የሰኞው ደንበኛዬ መኪናውን አልሸጠም። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመን፣ ሞተሩን አሙቀን፣ አጥፍተን ዐሥር ደቂቃ ጠብቀን ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞላነው። በሩ ጠርዝ ላይ የለጠፍነው ወረቀት 84,310 ይላል። 85,310 ላይ ሳይጨምር እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ ውጤቱን ዓምዳችሁ ከፈለገ እጽፍላችኋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የጋራዥ ባለሙያ
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ