ሳይንስ ታሪክ የሆነበት ከሰዓት፦ የቤተ መጻሕፍት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዓምና በዚህ መጽሔት ላይ ለክበባችን የተሰጠው ቦታ አራት መስመር ነበር፤ ከአራቱ አንዱም በስሕተት የስፖርት ክበቡን ውጤት የሚያበስር ሆኖ ተገኘ። ዘንድሮ ሁለት ገጽ ለምኜ አግኝቻለሁና አንባቢ ይታገሠኝ። የቤተ መጻሕፍት ክበብ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አቧራ የሚጠርጉና «ጸጥታ!» እያሉ የሚያፏጩ ልጆች ናቸው። አቧራውን እንጠርጋለን፣ አልክድም። የቀረውን ግን ልናገር።

በዓመቱ መጀመሪያ የግንዛቤ ቀናት ለክበባት ሲደለደሉ ሌሎቹ ያልፈለጓቸው ተለቃቅመው ወደ እኛ መጡ፤ የኤድስ ቀን፣ የብሬይል (ማየት የተሳናቸው በጣት የሚያነቡት የነጥብ ጽሑፍ) ቀን፣ የውሃ ቀን፣ የመጽሐፍ ቀን። የመሠረተ ትምህርት ቀንም ይገባን ነበር፤ ነገር ግን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲደነግገው የእኛን የትምህርት ካሌንደር ያየለት ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ጳጉሜን 3 ላይ ይውላል። ያን ቀን የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ ተማሪውም ቤቱ።

እነዚህ ቀናት እንዴት ሲከበሩ እንደኖሩ ሁላችንም እናውቃለን። የጠዋት ሰልፍ ላይ ባነር ይዘረጋል፣ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፣ አንድ ግጥም ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ደወል ይደወላል፣ አለቀ። በማግስቱ ስለ ምን እንደተወራ ብትጠይቁ ግጥሙን ያነበበው ልጅ ራሱ አያስታውስም። ባነሮቹ ግን አሉ፤ ከመደርደሪያዎቻችን ጀርባ ተጠቅልለው ቆመዋል፣ ከአንዳንዱ መጽሐፋችን በዕድሜ ይበልጣሉ። ስለዚህ ለክበቡ አባላት አንድ ሕግ አወጣሁ፦ በማንኛውም ቀን ሰልፍ እንዳሻችሁ፣ ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ መደርደሪያ ላይ የሚቀር ነገር ይኑር። አጉረመረሙ። ባነር መቀባት ይቀላልና አልፈረድኩባቸውም።

የኤድስ ቀን ከእ.ኤ.አ. 1988 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ይታሰባል። እኛም ከሳምንት በፊት በራችን ላይ የጥያቄ ሣጥን ሰቀልን። ስም አይጻፍም፣ የእጅ ጽሑፍ አይመረመርም። ከገቡት ወረቀቶች ጥቂቶቹ እኔን ለማሳፈር የተጻፉ ስለሆኑ እዚህ አልደግማቸውም። ሌሎቹ ግን የምር ጥያቄዎች ነበሩ። ትንኝ ታስተላልፋለች? ቫይረሱ በደሟ ያለባት እናት ከቫይረሱ ነጻ የሆነ ልጅ ልትወልድ ትችላለች? መድኃኒቱ ሲሻል ይቆማል? ልጆቹ ከራሳቸው እንዳይመልሱ፣ ከመጽሐፍ እንዲፈልጉና ገጹን እንዲጽፉ ተስማማን።

ችግሩም ከዚያው ጀመረ። 600 ቁጥር በተጻፈበት መደርደሪያ፣ ሕክምናው ጋ፣ ከሁሉ የሚወፍረውና በጨርቅ የተጠረዘው መጽሐፋችን «ለዚህ በሽታ ሕክምና የለም፤ በሽተኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታል» የሚል ሐሳብ ይዞ ተገኘ። ያነበበችው የ10ኛ ክፍል ልጅ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለችና የኅትመቱን ዓመት ገልጣ አሳየችኝ። ከእ.ኤ.አ. 1996 በፊት የታተመ ነው። ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ የመስጠቱ ሕክምና የበሽታውን መልክ የለወጠው ደግሞ በዚያ ዓመት ነው። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። መጽሐፉ አልዋሸም፣ በጊዜው የነበረውን ነው የጻፈው። ግን ቤቱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለው ልጅ ይህን ገጽ ለብቻው ቢያነበውስ?

ከዚያ በኋላ ልጆቹን የሚመልሳቸው ጠፋ። የመጻሕፍቱን ሁሉ የኅትመት ዓመት ሲያዩ ከረሙ። ኢንሳይክሎፒዲያችን አሁንም ዘጠኝ ፕላኔት ይቆጥራል፤ ፕሉቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ከቁጥሩ መውጣቷን አልሰማም። እንዲህ ያሉት ይወገዱ ብዬ ጻፍኩ። የተሰጠኝ መልስ «ንብረት ናቸው፣ በቆጠራ መገኘት አለባቸው» የሚል ነው። እንግዲህ መጻሕፍቱን በሲባጎ አስረን የላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥናቸውና «ለታሪክ ብቻ» ብለን ጻፍንባቸው። ለቆጠራው በሙሉ ጤንነት ይገኛሉ።

ስብሰባችን ዘወትር ሐሙስ ነበር። ሰብሳቢ ተመርጧል፣ የውሰት ካርዶች ተዘጋጅተዋል፣ የተገነጠሉ መጻሕፍት ተጣብቀዋል፣ በውሃ ቀን የግቢው ቧንቧ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚያንጠባጥብ ተለክቶ ግራፉ ተለጥፏል (ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል)። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ። ላንብብ የሚል ይምጣ፤ እስካሁን የመጣ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ለአካባቢው ሰው ክፍት እናድርግ ባልን ጊዜ የመምህራን ማረፊያው ምን እንዳለ አልረሳሁም። «መጻሕፍቱን ተሰናበታቸው» ነው የተባልኩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች የመጣው የግቢው ጥበቃ ብቻ ነበር፤ እሱም ብርድ ሲሆንበት። ቀጥሎ የተማሪዎቻችን ታናናሾች መጡ፣ ከዚያ እናቶቻቸው፣ ከዚያ ጋዜጣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ማስታወቂያው የሚያነቡ አንድ ጡረተኛ አባት። ወንበር ሲያንስ ሰዎቹ ከቤታቸው በርጩማ ይዘው መምጣት ጀመሩ።

ከሁሉ ይበልጥ የተነበበው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የጥያቄ ሣጥኑን መልሶች ጠርዘን ያስቀመጥነው ማኅደር ነው። ማንም አይዋሰውም። ቆሞ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ያነበዋል፤ ሰው ሲገባ ቶሎ ይመልሰዋል። ነገሩ ሲገባን ማኅደሩን ከበሩ ትይዩ አንስተን ጥጉ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ አደረግነው። ከዚያ ወዲህ ጠርዙ አልቆ ሁለት ጊዜ ጠግነነዋል። መጻሕፍቱን በተመለከተ፣ ዘንድሮ ሁለት ጠፍተዋል። ሁለቱንም የወሰዱት የትምህርት ቤቱ ሰዎች ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው አንድም አላጠፋም። ስም አልጠራም። አንደኛው ባልደረባችን ግን እስክሪብቶ ሲዋሰኝም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ብሬይል ቀን ልምጣ፤ ሁለት ገጽ የለመንኩትም ለዚህ ነው።

ሉዊ ብሬይል የተወለደው እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1809 ነው። በሦስት ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ዓይኑን ተወጋ፤ ኋላም ሁለቱንም ዓይኖቹን አጣ። በ15 ዓመቱ፣ ባርቢዬ የተባለ ሰው በ12 ነጥብ የሠራውን አጻጻፍ ወደ 6 ነጥብ አወረደው፤ አንድ ፊደል በአንድ የጣት ጫፍ ሥር እንዲያርፍ። የተባበሩት መንግሥታት ቀኑን ማክበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ይህን ሁሉ ሰልፍ ላይ አንብበናል፣ ተጨብጭቧል። መደርደሪያ ላይ የሚቀረውን ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው አሰቡት፦ የመደርደሪያዎቹን ቁጥሮች በብሬይል ጽፈን እንለጥፍ።

መጻሕፍታችን በዲዊ አከፋፈል፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የእውቀት ዘርፍ ቁጥር በሚሰጠው ዘዴ፣ እንደተደረደሩ ታውቃላችሁ፤ 500 ሳይንስ፣ 800 ሥነ ጽሑፍ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ ነው። ከልዩ ፍላጎት ክፍል አንድ ስሌት (ወረቀት የሚይዝ የብሬይል መጻፊያ ሰሌዳ) እና አንድ ስታይለስ (ነጥብ መውጊያ) ተዋስን። በስሌት ሲጻፍ ስታይለሱ ወረቀቱን ወደ ታች ስለሚወጋ ጉብታው የሚወጣው በጀርባ ነው፤ የሚነበበውም ወረቀቱ ሲገለበጥ። ስለዚህ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። ይህን አውቀን ከቀኝ ጀመርን፣ በማወቃችንም ኮራን። እያንዳንዱ ፊደል በውስጡም መገልበጥ እንዳለበት ግን ያሰበ የለም፤ ነጥቦቹን ሰንጠረዡ ላይ እንዳየናቸው ነው የወጋናቸው።

መለያዎቹን እንድትመርቅልን የጋበዝናት ማየት የተሳናት የ9ኛ ክፍል ተማሪያችንን ነው። ስሜ አይጻፍ ስላለችኝ አልጽፈውም። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ እዚህ ስትማር የቤተ መጻሕፍቱን ደፍ ረግጣ አታውቅም ነበር። እኔም ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

ልጆቹ ከበዋታል፣ ሁለት ስልክ ፎቶ ለማንሣት ተዘጋጅቷል። ጣቷን በመጀመሪያው መለያ ላይ አሳለፈች። ቆመች። እንደገና አሳለፈች።

«ይሄ የምን መደርደሪያ ነው?»

«የሳይንስ» አሏት በአንድ ድምፅ።

«500 ልትሉ ነው?»

«አዎ!»

መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የተንቀጠቀጠው። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ ይዟት ነው። «እዚህ የተጻፈው እኮ 988 ነው፤ እሱም ከቁጥሩ በፊት የሚገባውን የቁጥር ምልክት እንዳላየሁ ካለፍኩት!» ከዚያ በጣቷ አየር ላይ እየነጠበች አስረዳችን። ስድስቱ ነጥቦች በግራ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፣ በቀኝ 4፣ 5፣ 6 ይባላሉ። 5 ማለት ነጥብ 1 እና 5 ነው፤ ሲገለበጥ 2 እና 4 ይሆናል፣ እሱ ደግሞ 9 ነው። 0 ሲገለበጥ 8 ይሆናል። የታሪክ መደርደሪያው የት እንዳለ ጠየቀችና ሄዳ ዳሰሰችው፦ 588። «ቲቸር፣ ሳይንሱን ታሪክ፣ ታሪኩን ሳይንስ አድርጋችሁታል!»

ሰብሳቢያችን ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እሷ ግን ቁጭ ብላ ስታይለሱን አስመጣች። ሁለት ከሰዓት ፈጀብን። ልጆቹን ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ከጀርባ በኩል ማሰብ አስተማረቻቸው፤ የተበላሸውንም ያለ ርኅራኄ መለሰችባቸው። ጭብጨባ አልነበረም፣ ፎቶም ማንሣቱን ሁሉም ረሳው።

መለያዎቹ ተስተካክለው ሲለጠፉ፣ ማንም ሳይመራት መደርደሪያዎቹን እየዳሰሰች ሄደች። 500፣ 600፣ 700። 800 ላይ ቆመች። አንድ ወፍራም መጽሐፍ መዘዘች፣ ገለጠችው፣ መዳፏን በገጹ ላይ አሳለፈች። ገጹ ልሙጥ ነው። ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ አንዷ አባል የጀርባ ሽፋኑን አነበበችላት። አዳመጠችና መጽሐፉን ካወጣችበት ቦታ በትክክል መለሰችው።

«እንግዲህ የማላነባቸው መጻሕፍት የት እንዳሉ ዐወቅሁ» አለች።

በምሬት አልነበረም የተናገረችው። እኔ ግን የምመልስላት አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። በቤተ መጻሕፍታችን አንድም የብሬይል መጽሐፍ የለም።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ታሪኮችን በስልክ እያነበቡ መቅዳት ጀምረዋል። የሚቀዱት ከባነሮቹ መካከል ነው፤ ጨርቁ ድምፅ ያፍናል፣ ለአንድ ነገር ጠቀሙን። በሁለተኛው ታሪክ መካከል ደወል ይሰማል፣ በሦስተኛው የዝናብ ድምፅ። ገምጋሚዋ እሷ ናት። አንዱን አንባቢያችንን «ታክሲ እንዳመለጠው ሰው ያነባል» ብላ ሦስት ጊዜ አስደግማዋለች። እሑድ እሑድ ቅጂዎቹን የሚያዳምጡ ሌሎች ሰዎችም ሰፈሯ ውስጥ እንዳሉ የነገረችኝ ዘግይታ ነው።

የመጽሐፍ ቀን አልተሳካም። ሚያዝያ 15 ከፈተና ሳምንት ጋር ገጠመ፤ በግቢው ልናካሂድ ያሰብነው ንባብ ላይ የተገኘነው ስድስት ነን፣ እኔን ጨምሮ። የክበቡ አባላት ቁጥርም ከሁለተኛው መንፈቅ በኋላ ቀንሷል። ይኸው ተናግሬያለሁ።

ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽንና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መግለጫ፣ በተለመደው አገልግሎትና መጽሐፍ መጠቀም ለማይችሉ ሰዎች የተለየ አገልግሎትና የተለየ መጽሐፍ ሊዘጋጅላቸው እንደሚገባ ይደነግጋል። ይህን የጠቀስኩት የቅንጦት ጥያቄ እንዳይመስል ነው።

የምንፈልገው ይህ ነው። የራሳችን ስሌትና ስታይለስ፤ የተዋስነው ተመልሷል፣ እኛ መለያ ስንወጋ ማስታወሻ ሳይጽፍ የዋለ ተማሪ እንደነበረ ኋላ ነው የሰማነው። ለብሬይል የሚሆን ወፍራም ወረቀት። ጥቂት የብሬይል መጻሕፍት፣ ከነመደርደሪያቸው፤ አንድ ልቦለድ በብሬይል ብዙ ትልልቅ ጥራዝ ስለሚሆን አሁን ባለን መደርደሪያ አይገባም። በሲባጎ የታሰሩትን መጻሕፍት ከመዝገብ የማስወጣት ፈቃድ። ለመጪው ዓመት ባነር የተያዘ በጀት ካለ ለእነዚህ ይዙርልን፤ ባነር በቂ አለን፣ ቀኑን ብቻ እንቀይርበታለን።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ክፍት ነው። ከቻላችሁ በርጩማ ይዛችሁ ኑ።